«አራት ዓይና» ቢሏችሁ ምን ይጎድልባችኋል?

የአገራችን ሰው ለዓይን ያለውን ፍቅር ከአንደበቱ ታውቁታላችሁ። የሚወዳትን «የዓይኔ ብሌን» ይላታል። ሲምል «ዋሽቼ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ይላል። ለናፈቀው ዘመድ ደብዳቤ ሲጽፍ «ዓይናችሁን ለማየት ያብቃኝ» ብሎ ይዘጋዋል። እሺ፣ ይህን ያህል ከወደድነው እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ፀጉራችሁን የተሠራችሁት መቼ ነው? «ባለፈው ቅዳሜ!» ጫማችሁን ያስጠረጋችሁትስ? «ዛሬ ጠዋት!» ዓይናችሁን የተመረመራችሁትስ? … አያችሁ፣ ፀጥ አላችሁ።

እኔ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ባለመነጽር ነኝ። ሐኪም ግን አይደለሁም። ይሁን እንጂ መነጽር ያደረገ ሰው ሁሉ ስለ ዓይን የሚያውቅ ይመስላል መሰለኝ፣ ወዳጅ ዘመድ ዓይኑን ባመመው ቁጥር መጀመሪያ የሚያማክረው እኔን ነው። እኔም «ተነስ እንሂድ» እያልኩ ከስንቱ ጋር የዓይን ክሊኒክ አግዳሚ ወንበር ላይ ወረፋ ጠብቄአለሁ። ሐኪሞቹንም በጥያቄ አድርቄአቸዋለሁ። ዛሬ የማጫውታችሁ ከዚያ ያገኘሁትን ነው። የሰው ስም አልጠራም፤ ባለታሪኩ ካነበበው ይገባዋል።

«ኩሩዋ» እጮኛ

አንዲት ጓደኛ አለችኝ። ቆንጆ ናት፣ ዘናጭ ናት፤ የሠፈሩ ሰው ግን «ኩራተኛ» ይላታል። ከመንገድ ማዶ እጁን የሚያውለበልብላትን ሰው አፍጥጣ እያየችው ዝም ብላ ታልፋለች። ነገሩ የከፋው ቀለበት ካሰረች በኋላ ነው። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የእጮኛዋ እናት ከሩቅ አይተዋት ፈገግ ብለው እጅ ነሷት። እሷ ቀጥ ብላ አለፈች። እናትየው ቤታቸው ገብተው «ልጄ፣ ይቺ ገና ሳትገባ እንዲህ ከናቀችኝ፣ ከገባች በኋላማ ምን ልታደርገኝ ነው?» ብለው አለቀሱ። ሠርጉ ሊፈርስ ጥቂት ቀረው።

እውነቱ ምን መሰላችሁ? ልጅቷ አላየቻቸውም! መነጽሯ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። «መነጽር ሳደርግ ፋራ እመስላለሁ» ብላ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእጮኛዋ ደብቃዋለች። ቁጥሯ ማይነስ 3 ነው።

ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ብዙ ባለመነጽሮች እንኳ አያውቁትም። አንድን ለቁጥሩ አካፍሉት፤ ያለ መነጽር እስከ ምን ያህል ርቀት ድረስ ጥርት ብሎ እንደሚታያችሁ በሜትር ይነግራችኋል። ማይነስ 1 ከሆነ እስከ አንድ ሜትር፣ ማይነስ 2 ከሆነ እስከ ግማሽ ሜትር፣ ማይነስ 3 ከሆነ ደግሞ እስከ 33 ሳንቲ ሜትር ድረስ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ እየራቀ በሄደ ቁጥር ጭጋግ ይሆናል። አማቷ የቆሙት ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ነበር!

ሐኪሞቹ ይህን ማዮፒያ ይሉታል። የአዋቂ ሰው የዓይን ኳስ ከፊት ወደ ኋላ ሲለካ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ረዘም ቢል የሩቅ ነገር ምስል ከኋላ ያለው ሬቲና የሚባለው ስስ ሽፋን ላይ ሳይደርስ ፊቱ ላይ ይቀርና ይደበዝዛል። መነጽሩ የሚሠራው ምስሉን ቦታው ላይ ማስቀመጥ ነው፤ በቃ። የዓይን ኳሱ ሲያጥር ደግሞ ሀይፐሮፒያ የሚባለው ይመጣል፤ ሲያነቡ ዓይን ይደክማል፣ ግንባር ያማል። የዓይን የፊተኛው ብርሃን አስገቢ ክፍል እንደ ኳስ እኩል ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ማንኪያ ጀርባ ሲሆን አስቲግማቲዝም ይባላል፤ ፊደሉ ጥላ ያወጣል፣ ማታ የመኪና መብራት ይበተናል። ከ40 ዓመት በኋላ ደግሞ እናቶቻችን ክር በመርፌ ለማስገባት ልጅ የሚጠሩት የዓይናቸው ሌንስ ስለሚደርቅና እንደ ልብ ስለማይታዘዝ ነው። ይህ ማንንም አይምርም፤ ተራችን ሲደርስ እኛም እንጠራለን።

አራቱም መፍትሔያቸው መነጽር ነው። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጥናት፣ ዓይነ ስውር ሳይሆኑ እይታቸው ከደከመው ሰዎች መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ችግራቸው ይኸው በመነጽር የሚቃና ነበር። ሰው ጭጋግ ውስጥ የሚኖረው ሁለት ቁራጭ መስታወት አጥቶ ነው ማለት ነው። አንዳንዱ ደግሞ እያለው ቦርሳው ውስጥ አስቀምጦ!

ልጅቷን «መነጽርሽን አድርገሽ እናትየው ቤት ሂጂ» አልኳት። ሄደች። «እማዬ፣ ያን ቀን አላየሁዎትም ነበር፤ ያለዚህ የሰው ፊት አይለይልኝም» አለቻቸው። ሴትዮዋ መነጽሩን ተቀብለው ራሳቸው ዓይን ላይ ሞከሩትና «ወይኔ ልጄ! ታዲያ ይህን ያህል ነገር ምን ያስደብቃል?» አሏት። ሠርጉ ተደገሰ። ፎቶው ላይ መነጽር አድርጋለች፤ አምሮባታል።

«መነጽር ዓይን ያደክማል» ለሚሉ

እኔንም ትምህርት ቤት «አራት ዓይና» እያሉ ያበሽቁኝ ነበር። የሚያሾፉት ልጆች ያላወቁት ግን በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ይህ ስም ማዕረግ መሆኑን ነው። ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን፣ አራቱንም ጉባኤ ለዘለቀ ሊቅ ነው «አራት ዓይና» የሚባለው። እነሱ በስድብ የሰጡኝን እኔ በሹመት ተቀበልኩት።

ከስድቡ ይልቅ የሚጎዳው ምክሩ ነው። «አታድርጊው፣ ትለምጂዋለሽ!» «አንዴ ከጀመርክ ዓይንህ ይሰንፋል!» ይህን የማይል ጎረቤት የለም። መነጽር ዓይንን አያደክምም። መነጽሩን ስናወልቅ ዓለም ከድሮው የባሰ ደብዛዛ የሚመስለን ጥርት ያለውን ስላየን ነው። እኔ መነጽር ካደረግኩ በኋላ በመጀመሪያው ማታ ከቤት ወጥቼ ጨረቃን ሳያት ለካ ጠርዝ አላት! እስከዚያ ቀን ድረስ ጨረቃ ለእኔ ሰማይ ላይ የፈሰሰ ወተት ነበረች። ታዲያ ከዚያ በኋላ መነጽሬን ሳወልቅ ጨረቃ ተመልሳ ብትፈስብኝ መነጽሩ ምን አጠፋ? በጉርምስና ዕድሜ ቁጥሩ የሚጨምረውም ልጅ ሲያድግ ዓይኑም አብሮ ስለሚረዝም ነው። እግራችን አድጎ ጫማ ሲጠበን ጫማውን እንወቅሳለን እንዴ?

እንዲያውም መነጽር ቸል ሲባል ጉዳት የሚያመጣበት ዕድሜ አለ፤ እሱም ልጅነት ነው። የሕፃን አንጎል ማየት የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። አንደኛው ዓይን ሸውራራ ከሆነ ወይም ከሌላው ይልቅ ከደበዘዘ፣ አንጎሉ የደበዘዘውን ትቶ በደህናው ብቻ ይሠራል። «ሰነፍ ዓይን» ይባላል። በጊዜ ከተያዘ ደህናውን ዓይን በቀን ለተወሰነ ሰዓት ሸፍኖ ሰነፉን ማሠራት ይቻላል። ሰባት ስምንት ዓመት ካለፈው ግን እየከበደ ይሄዳል። እኛ ደግሞ «ሲያድግ ይለቀዋል» እንላለን። ታናሽ ወንድም ወይም የእህት ልጅ ያላችሁ፣ ልጁ ቴሌቪዥን ላይ ከተለጠፈ፣ አንገቱን አዘንብሎ የሚያይ ከሆነ፣ ዓይኑ ከተንሻፈፈ ዛሬውኑ ለወላጆቹ ንገሩ። በፎቶ ላይ የልጁ የዓይን መሐል ነጭ ሆኖ ከታየ ደግሞ ነገ አይባልም፤ ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ይየው።

ለቆንጆዎቹ ደግሞ አንድ ነገር። ለሠርግና ለፎቶ ብላችሁ ባለቀለም ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ አላችሁ። ሌንሱን ከጓደኛ አትዋዋሱ፣ በቧንቧ ውኃ አትጠቡት፣ አድርጋችሁትም አትተኙ። ኢንፌክሽኑ በጥቂት ቀን ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል። ለአንድ ቀን ድግስ ይህን ያህል አይከፈልም።

የሚያሳክከው ዓይንና የኪስ ብልቃጥ

ይኼኛው ታሪክ እንደ መጀመሪያው ሳቅ የለበትም። የሠፈራችን ልጅ ነው፤ ኳስ ሲጫወት ሰው ሥራውን ትቶ የሚያየው። ከልጅነቱ ጀምሮ አቧራና ነፋስ በመጣ ቁጥር ዓይኑን ያሳክከዋል። አለርጂ ነው፤ በከተማችን ሞልቷል። አንድ ጊዜ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ለሁለት ሳምንት የሚጨመር ጠብታ ታዘዘለት። ጠብታው ማሳከኩን በአንድ ቀን ፀጥ አደረገው። ልጁ ባዶውን ብልቃጥ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወዲያ ዓይኑ በቀላ ቁጥር ብልቃጡን ለመድኃኒት ቤት ያሳያል፤ «እንደዚህ ያለ ስጡኝ» ይላል፤ ያለ ማዘዣ ይሰጡታል። እንዲህ ሲል ሦስት ዓመት ሆነው።

ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ዴክሳሜታዞን ነበር፤ ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ። በሐኪም ትእዛዝና ክትትል ለተወሰነ ጊዜ ሲሰጥ ዓይን ያድናል። ለረጅም ጊዜ በዘፈቀደ ሲጨመር ግን በአንዳንድ ሰው ላይ በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ከፍ ያደርጋል። ግፊቱ ሲጨምር ብዙ ጊዜ አያምም፣ አይቀላም። ዝም ብሎ ዓይንን ከአንጎል የሚያገናኘውን ነርቭ ይገድላል። በሽማግሌ ዓይን ላይ የምናውቀውን የዓይን ሞራም በ20 ዓመት ልጅ ላይ ያመጣል።

ልጁ ከጎን የሚመጣ ኳስ ያመልጠው ጀመር። ጓደኞቹ «ደንዝዘሃል» አሉት። የበር መቃን ትከሻውን ይመታዋል፤ ደረጃ ይስተዋል። ይዤው ስንሄድ ሐኪሟ ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ «የቀረህን እንጠብቅልሃለን፤ የሄደውን ግን መመለስ አንችልም» አሉት። 22 ዓመቱ ነበር። ዛሬ ፊት ለፊቱ ያለውን ያያል፤ ከግራና ከቀኝ ያለው ግን ጠፍቷል፤ በቧንቧ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ሕልሙ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ታክሲ መያዝ ነበር።

ስለዚህ ዓይናችሁ ቢቀላ የጓደኛችሁን ጠብታ አትዋሱ፤ ያለፈው ዓመት ብልቃጥም ማዘዣ አይደለም። የሁሉም ዓይን መቅላት መድኃኒቱ አንድ አይደለም። ዓይን ማዝ ሲሆን ቶሎ ቶሎ እጅ መታጠብና ፎጣ አለመዋዋስ ይበልጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት ይለቃል። አለርጂ ሲሆን በንጹሕ ጨርቅ ቀዝቃዛ ውኃ መያዝና ሐኪም የሚያዝዘው ለረጅም ጊዜ የማይጎዳ ጠብታ አለ። ጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ፣ ሎሚ ዓይን ውስጥ አይጨመርም። ፀበል የምትሄዱም ሂዱ፤ ሐኪሙን ግን አትቅሩበት።

በተለይ ዓይናችሁን አትሹ! ይህን የምለው እንደ እናት ቁጣ አይደለም። ለዓመታት በኃይል ማሸት ኬራቶኮነስ ለሚባል ችግር ያጋልጣል፤ የዓይን የፊተኛው ክፍል እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደፊት ይወጣል። የሚጀምረው ባብዛኛው በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነው። መነጽር በየስድስት ወሩ እየቀየራችሁ አሁንም አልጠራ ካላችሁ ይህን ጠርጥሩ። መጨረሻው ሲከፋ ከሞተ ሰው የተለገሰ የዓይን ብሌን እስከማስተከል ያደርሳል። «የዓይኔ ብሌን» የምንላት ነገር በልገሳ የምትገኝ፣ ወረፋ የሚጠበቅላት ውድ ነገር ናት፤ የዓይን ባንክን ጠይቁ።

ድምፅ የሌለው ሌባ

የአንድ ወዳጄ አባት የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ ሲሉ የመኪናቸው የጎን መስታወት በየመንገዱ ይሰበር ጀመር። «የዓይን ሞራ ነው፤ ይብሰልና ይወጣልኛል» ብለው ሁለት ዓመት ጠበቁ። ሲመረመሩ ሞራ ሳይሆን ግላኮማ ነበር፤ ያንኑ ነርቭ የሚገድለው፣ ብዙውን ጊዜ ከግፊት ጋር የሚመጣው በሽታ። አንዱ ዓይናቸው ጨርሶ ነበር።

ሁለቱን መለየት ደግ ነው። የዓይን ሞራ ማለት የዓይን ሌንስ መደፍረስ ነው። በ1998ቱ ጥናት በአገራችን ካሉት ዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉን ያሳወረው እሱ ነበር፤ ሁለተኛው ትራኮማ ነው። ሞራ ግን በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል፤ ሰውየው ያያል። «እስኪበስል» መጠበቅም አያስፈልግም። ግላኮማ እንዲህ አይደለም፤ የወሰደውን አይመልስም። መጀመሪያ የሚሰርቀው ከዳር ከዳር ስለሆነ መሐሉ እስኪነካ ድረስ ባለቤቱ አያውቅም። ደግሞ አንዱ ዓይን የሌላውን ገመና ይሸፍናል። አንደኛው ሲደክም ሌላው የእሱንም ሥራ ይሠራል፤ እኛም «ደህና አያለሁ» እያልን እንኖራለን።

የዚህ ታሪክ መልካሙ ነገር ግን እነሆ። ሐኪሙ አባትየውን «ልጆችዎን ሁሉ ይዘው ይምጡ» አሏቸው፤ ግላኮማ በዘር ይሄዳልና። ወዳጄ 28 ዓመቱ ነበር፤ ምንም አያመውም፤ እያጉረመረመ ሄደ። ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። ነርቩ ግን ገና ደህና ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ማታ ማታ ጥርሱን ካጠበ በኋላ አንዳንድ ጠብታ ይጨምራል፤ በየጊዜው እየሄደ ይለካል፤ ሙሉ እይታው አለ። አባት የጠፋበት ዓይን ልጁን አዳነ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ይህ ነው። በነገራችን ላይ ስኳር ያለባቸው ወላጆች ካሏችሁም ምንም ባይሰማቸው በዓመት አንድ ጊዜ ሬቲናቸው ይታይ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አሁኑኑ ይህን ጋዜጣ እያነበባችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። አንዱን ዓይናችሁን በመዳፋችሁ ሳትጫኑ ሸፍኑና ከሩቅ ያለ ጽሑፍ አንብቡ፤ የሱቅ ታፔላም ይሁን የቀን መቁጠሪያ። ከዚያ ሌላውን ሸፍኑ። በሁለቱ መካከል ልዩነት ካያችሁ የዓይን ምርመራ አድርጉ። ልዩነት ባይኖርም በቤተሰባችሁ ግላኮማ ካለ፣ ወይም ስቴሮይድ ጠብታ ለረጅም ጊዜ ወስዳችሁ ከሆነ ሂዱ። ለመንጃ ፈቃድ ሲባል የፊደል ሰንጠረዡን በቃላችሁ የምታጠኑ ጀግኖችም አላችሁ፤ ሐኪሙን ልታታልሉት ትችላላችሁ፤ ከፊት የሚመጣውን መኪና ግን አታታልሉትም።

ቀን የማይሰጡ ምልክቶችም አሉ። ድንገት መጋረጃ እንደወረደበት ዓይን ሲጨልም፣ የብርሃን ብልጭታና አዲስ ጥቋቁር ነጠብጣብ በብዛት ሲታይ፣ ዓይን ቀልቶ ሲያምና እይታ ሲደበዝዝ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ነው። በረኪና ወይም ኖራ ዓይን ውስጥ ከገባ መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማጠብ፤ ከዚያ ወደ ሐኪም መሮጥ። በብየዳ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞች፣ መከላከያ መነጽሩ ግንባር ላይ ሳይሆን ዓይን ላይ ነው የሚደረገው።

ስልኩስ? ስልክ አያሳውርም፤ ግን እሱ ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን መርገብ እንረሳለንና ይደርቃል፣ ያቃጥላል። በየ20 ደቂቃው ቀና ብላችሁ ስድስት ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሴኮንድ እዩ። ልጆችን ደግሞ ደጅ አውጧቸው፤ በቀን ብርሃን ከቤት ውጭ የሚውል ልጅ ለማዮፒያ ያለው ዕድል ይቀንሳል።

እህቴ፣ ወንድሜ፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። የደበቃችሁት መነጽር ካለ አውጡት። የሚንቃችሁ ቢኖር በመጀመሪያ ጥርት ብሎ ይታያችኋል፤ ማን እንደሆነ ማወቁም አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እነሱ «ዕድሜ ነው፣ ተዉኝ» ይላሉ፤ እናንተ ግን አትተዉአቸው።

ቸር ያሳየን!